ድንበር የሚያጣላው ነዳጅ ነው ብዬ ለጥፌ የመጣብኝ

ማክሰኞ ማታ የለጠፍኩት ነገር ሳላስበው ሃያ ምናምን ምላሽ ሰብስቦ አደረ፣ ዘግይታችሁ የገባችሁ ልጆች ደግሞ ከየት እንጀምር እያላችሁ በውስጥ መስመር ታጣድፉኛላችሁ። ሁሉንም ገልብጬ ብለጥፈው ማን ያነበዋል፣ አንዳንዱም ባይደገም ይሻላል፣ ስለዚህ በራሴ አፍ በየቁጥሩ ልንገራችሁ። ያዛባሁት ካለ ባለቤቱ መጥቶ ይቆጣኝ።

መክፈቻው የኔ ነው። ለማታውቁኝ፣ ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ጎሚስታ ቤት አለኝ፣ ጅቡቲ የሚመላለሰው ቦቴ ሁሉ በደጄ ነው የሚያልፈው፣ ጎማ ሲፈነዳበት ደግሞ እኔ ጋ ይቆማል። ሾፌር ጎማው እስኪለጠፍ ምን ይሰራል፣ ፖለቲካ ያወራል። እኔም ሰምቼ ሰምቼ ጠየቅኩ፣ መንግስታት በድንበር የሚጣሉት ለነዳጅ ነው ወይስ ለሌላ። ጠየቅኩ ልበል እንጂ መልስ አልጠበቅኩም፣ እዛው ራሴ ነዳጅ ነው ብዬ ዘጋሁት። የ1990ውን ጦርነት አነሳሁ፣ ሁለቱ ሱዳኖች የሚጣሉበትን አብዬን አነሳሁ፣ ቬንዙዌላና ጉያናን አነሳሁ፣ ባንዲራና ታሪክ መሸፈኛ ነው ከስሩ ብትቆፍሩ ቧንቧ ነው የምታገኙት ብዬ ደመደምኩ። ስጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር።

1ኛው ተስማማ። ትክክል ነህ አይነት ነገር ጽፎ ሄደ፣ ምክንያት የለው ምን የለው፣ እግዜር ይስጠው።

2ኛዋ ግን አንዲት እህት ናት፣ ገና ሲነጋ ነው የጻፈችው፣ ንዴቷ ከፊደሉ ላይ ይታያል። 1990 ላይ ታላቅ ወንድሟ ባድመ ሄዶ አልተመለሰም። ባድመ ላይ አንድ ጠብታ ነዳጅ ማን እንዳየ ንገረኝ ነው ያለችኝ፣ ነዳጅ ከሌለ ደግሞ ያንተ ቧንቧ ወንድሜን ለምን እንደገደለው አስረዳኝ። እኔ እኮ 1990 ያልኩት በፈረንጅ ነው፣ ኢራቅ ኩዌትን የወረረችበትን ነው፣ እሷ ደግሞ ማንም ሐበሻ 1990 ሲባል የሚመጣበትን ነው ያሰበችው። ስህተቱ የኔ ነው። ጥያቄዋ ግን የካላንደር ስህተት ስላረምኩ የሚለቅ ጥያቄ አልነበረም።

3ኛው ይሄንኑ አይቶ፣ አመተ ምህረት ስትጽፉ የማን እንደሆነ ጻፉ እንጂ ሰው አታጣሉ ብሎ ገሰጸን። ልክ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በፈረንጅ ነው።

4ኛው ኢኮኖሚክስ የሚማር ልጅ ነው መሰለኝ፣ ረጅም ነው የጻፈው፣ ትህትናው ግን ደስ ይላል። የኩዌት ጉዳይ እንኳን አንተ እንዳልከው ቀላል አይደለም ነው ነገሩ። ኢራቅ ከኢራን ጋር ስምንት አመት ተዋግታ እዳ ውስጥ ተነክራለች፣ ካበዳሪዎቿ አንዷ ኩዌት ናት፣ እዳውን ሰርዢልኝ ብትላት እምቢ አለች። ኩዌት ደግሞ ኦፔክ የሚባለው የነዳጅ ላኪ አገሮች ማህበር ከሰጣት ኮታ በላይ እያወጣች ዋጋ ትጥላለች፣ ሩሜይላ በሚባለው ድንበሩን በሚያቋርጠው የነዳጅ መስክ ላይ በሰያፍ እየቆፈረች የኛን ትስባለች የሚል ክስም አለ። ኩዌት የኛ ናት የሚለው ደግሞ አዲስ አይደለም፣ በ1961 ነፃ ስትወጣም ባግዳድ አንስታው ነበር። እንግዲህ ነዳጅ አለበት፣ አዎ፣ ግን የእዳው፣ የዋጋውና የድሮው ክርክር ድምር ነው። ትርፉስ ብሎ ጠየቀ ልጁ። ሲወጡ ከ600 በላይ ጉድጓድ አቃጥለው ወጡ፣ እሳቱ ተጠፍቶ ያለቀው በ1991 መጨረሻ ገደማ ነው፣ ከዛ ኢራቅ በተባበሩት መንግስታት በኩል 52.4 ቢሊዮን ዶላር ካሳ ስትከፍል ኖራ የጨረሰችው 2022 ላይ። በጦርነት ነዳጅ መዝረፍ ኪሳራ እንደሆነ ከዚህ በላይ ምን ላሳይህ አይነት ነው። እኔ መልስ አጣሁ፣ ዝም አልኩ።

5ኛው ላይ ነው የተዋረድኩት። አንድ የቦቴ ሾፌር ናቸው፣ በእድሜ የገፉ፣ አጻጻፋቸው ነጥብ የለው ኮማ የለው፣ ግን እያንዳንዱን ነገር በእጃቸው የነኩት ሰው እንደሆኑ ያስታውቃል። የድንበር ጠብ ለነዳጅ ቢሆን ኖሮ አሰብን ነበር ማየት ያለብህ አሉኝ። ሶቪየቶች የሰሩትን ማጣሪያ ያውቁታል፣ ስንት አመት ከዛ ጭነዋል፣ ሚሌን አልፎ በማንዳ በቡሬ ወርዶ፣ ሙቀቱ መሪው ላይ እጅ የማያስቀምጥ፣ ረዳቱ ጨርቅ እያራሰ መሪው ላይ ይጠመጥምላቸው ነበር። ያ ማጣሪያ ግን የተዘጋው በ1997 ነው፣ ጦርነቱ ሳይነሳ፣ ምክንያቱም ድፍድፍ አምጥቶ ከማጣራት የተጣራውን መግዛት ረከሰ። ጦርነቱ ሲነሳ እሳቸው መኪናቸውን ወደ ጅቡቲ አዞሩ። ነዳጁ ጦርነቱን አላመጣውም፣ ጦርነቱ ነው ነዳጁን መንገድ ያስቀየረው አሉ።

6ኛው እኔ ነኝ፣ ምን ነካኝ አላውቅም። ሰው ማጣሪያ ዘግቶ እንዴት በዓመቱ ይዋጋል፣ ይሄ የሾፌር ተረት ነው ብዬ ጻፍኩ። ለአባት የሚሆን ሰው። ማታ ስለነበር ነው እንዳልል ቀትር ላይ ነው የጻፍኩት።

7ኛው ርዕሱ ላይ ዘይት የሚል ቃል አይቶ ነው የገባው፣ ነዳጅ ዘይት ብዬ ነበር። የአምስት ሊትር የምግብ ዘይት ዋጋ የት እንደደረሰ ዘርዝሮ፣ መንግስታት ለሱ ይጣሉ እንጂ አለ። ከሁሉም በላይ ላይክ ያገኘው እሱ ነው።

8ኛው ጨዋታውን አቋርጦ ወደ አሰብ መለሰን። ሾፌሩ ልክ ናቸው፣ ማጣሪያው ከኤርትራ ነፃነት በኋላም የኛን ነዳጅ ያጣራ ነበር፣ የተዘጋውም በተባለው ጊዜ ነው ብሎ አረጋገጠ፣ ከዛ ወደኔ ዞሮ ጎሚስታው ይቅርታ ይጠይቅ አለ። ዞር ብሎ አንድ ነገር ጨመረ፣ ባድመ ላይ ለምን ተዋጉ ስትባሉ ነዳጅ ነው ማለት የሚቀላችሁ ነዳጅ ቢያንስ የሚገባ ምክንያት ስለሆነ ነው የሚል። ይቺ ቆይታ ቆይታ ነው የገባችኝ።

9ኛው ጉያናን ይዞ መጣ። ኤሴኪቦ የሚባለው መሬት የጉያና ሁለት ሶስተኛ ነው፣ በ1899 ፓሪስ ላይ በግልግል ለእንግሊዝ ተፈረደ፣ ቬንዙዌላ በ1962 አልቀበልም ብላ እንደገና አነሳችው። እስከዛ ድረስ ነዳጅ የሚባል ነገር አልነበረም። ኤክሶን ሞቢል ከባህሩ ስር ያገኘው በ2015 ነው፣ ካራካስ ደግሞ መሬቱ የኛ ይሁን ብላ ህዝቧን ድምጽ ያሰጠችው ዲሴምበር 2023። እስከዚህ ድረስ እኔን የሚደግፍ መስሎኝ ደስ ሊለኝ ሲል ገለበጠው። ቬንዙዌላ እኮ በዓለም ትልቁ የተረጋገጠ የነዳጅ ክምችት ያላት አገር ናት፣ ነዳጅ አይደለም የጎደላት፣ የጎደላት የሚያወጣበት ገንዘብና ድምጽ ነው፣ ምርጫ ደግሞ በ2024 ነበር። ነዳጁ የተኛውን ክርክር ቀሰቀሰው እንጂ አልወለደውም ነው ያለው።

10ኛው የኔ ይቅርታ ነው። ጋሼ አጥፍቻለሁ አልኩ። መልስ የለም። መንገድ ላይ ይሆናሉ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

11ኛውን ሶስቴ ነው ያነበብኩት። አብዬ ሰላም አስከባሪ ሆኖ የነበረ ልጅ ነው። በ2011 ሁለቱ ሱዳኖች አዲስ አበባ ላይ ሲስማሙ ጸጥታ ምክር ቤቱ የላከው ጦር የኛ ነበር፣ እስከ 4,200 ሰው፣ እሱም አንዱ ነው። ዝናብ ሲመጣ መሬቱ ዋልካ ነው፣ መኪና እስከ ሆዱ ይሰምጥና ለሳምንት እዛው ይቀራል። በጋ ላይ ሚሰሪያዎቹ ከሰሜን ከብታቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ይወርዳሉ፣ እነሱ ባህር ኤል አረብ ይሉታል፣ የንጎክ ዲንቃዎቹ ደግሞ ኪር፣ ስሙ ላይ እንኳን አይስማሙም። እዛ ያለው ሰው የሚገዳደለው ለሳርና ለውሃ ነው ይላል። ነዳጅ የሚባለውን ያየው ወደ ሰሜን ዲፍራ የምትባል ቦታ ብቻ ነው፣ እዛ የሱዳን የነዳጅ ፖሊስ ሰፍሮ፣ የተባበሩት መንግስታት ውጡ ሲል የማይወጣ።

አንድ ሽማግሌ እረኛ በአስተርጓሚ ጠይቀውት ነበር። ጄነሬተራችሁ የሚጠጣው ከዚሁ ከእግራችን ስር የሚወጣውን ነው ወይ አሉት። አይ ከሩቅ ተጭኖ ነው የሚመጣልን ሲላቸው ሽማግሌው ሳቁበት፣ የሚዋሽ መስሏቸው። ልጁ ይሄን ጽፎ ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፣ ሜይ 2013 ላይ የንጎክ ዲንቃው ዋና አለቃ ሲገደሉ አብሮ የኛ ወታደር ሞቷል፣ ስለዚህ የነዳጅ ጦርነት የሚለውን ቃል ቀለል አድርገን እንዳንጥለው ለመነን። ለኔ መሆኑ ነው።

12ኛው እሱን ሊያሟላ ነው የገባው። ዘሄግ ላይ ያለው የግልግል ፍርድ ቤት በ2009 የአብዬን ወሰን ሲያጠብ ሄግሊግ የሚባለው ዋናው የነዳጅ ቦታ ከአብዬ ውጪ ሆነ። ደቡቦቹ ፓንቱ ይሉታል፣ እነሱ የኛ ነው ማለታቸውን አልተዉም፣ በኤፕሪል 2012 ጦር ልከው ያዙት፣ አስር ቀን ገደማ ቆይተው ዓለም ሲጮህባቸው ወጡ። እዚህ ድረስ የኔን ሃሳብ ነው የሚመስለው አይደል። ግን ከዛ በፊት በጃንዋሪ ደቡብ ሱዳን የራሷን ነዳጅ ራሷ ዘጋችው። ካርቱም በቧንቧዬ ለሚያልፈው በበርሜል ከ30 ዶላር በላይ ክፈሉ ስትላቸው ጁባ ቧንቧውን ዘጋች፣ የመንግስት ገቢዋ 98 ከመቶ ነዳጅ የሆነች አገር ማለት ነው። ለነዳጅ የሚዋጋ መንግስት ነዳጁን ይዘጋል ወይ ብሎ ጠየቀ። እኔ በበኩሌ ይሄንን እስከ ዛሬ አልፈታሁትም። ክብር ይሁን እልህ ይሁን፣ ገንዘብ ብቻ ያልሆነ ነገር አለበት።

13ኛው በአንድ ተረት ዘጋው፣ አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ብሎ፣ ሁለቱም ነዳጁ ሲቆም ራባቸው ማለቱ ነው።

14ኛው ተሰርዟል። አድሚኑ ልክ ነው ያደረገው፣ ብሄር ጠርቶ ነበር። 15ኛው ደግሞ ለምን ተሰረዘ የሚል የራሱ የሰውየው ጓደኛ፣ ስለ ነፃነት ሃያ መስመር ጻፈ፣ ዘለልኩት።

16ኛው ወደ ቤታችን አመጣው። የ1977ቱ የኦጋዴን ጦርነት እዛው ኦጋዴን ላለው ለካሉብ ጋዝ ነበር፣ ማን ደብቆት ነው ብሎ በእርግጠኝነት ጻፈ፣ እንደ እኔ ማክሰኞ ማታ።

17ኛው ላይ ግን ክሩ ሌላ ነገር ሆነ። ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ብዙ ያነበበ ሰው ነው። መጀመሪያ ተረጋግቶ አረመው። ካሉብ ጋዝ የተገኘው በ1970ዎቹ ነው፣ ቴኔኮ የሚባል የአሜሪካ ካምፓኒ ነው ያገኘው፣ የሶማሊያ ጥያቄ ግን በ1960 ስትቋቋም ባንዲራዋ ላይ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ አድርጋ ነው የመጣችው፣ አንዱ ጫፍ ኦጋዴን ነው፣ በ1964ም ተዋግተናል፣ ያኔ ካሉብን የሚያውቅ የለም። ከዛ ግን ወደ ኋላ ሄደ፣ ወደ 1945። ጃንሆይ ያኔ ሲንክሌር ለሚባል የአሜሪካ ካምፓኒ ነዳጅ የመፈለግ መብት ለ50 አመት ሰጡ። አገሩ ውስጥ ኦጋዴንም አለ። ችግሩ ኦጋዴንን በዛን ሰዓት ይዞ የሚያስተዳድረው እንግሊዝ ነው፣ ጣሊያንን ካስወጣ በኋላ አለቀቀም፣ ጭራሽ በዓመቱ ቤቪን የሚባለው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው የሶማሌ መሬቶችን አንድ ላይ እናድርግ የሚል ሃሳብ አመጣ።

እና ንጉሱ በእጃቸው ያልገባውን መሬት ነው ለአሜሪካ ያከራዩት። ሰውየው የሚለው እንዲህ ነው፣ መሬቱን ለነዳጁ አልፈለጉትም፣ ነዳጁን ነው ለመሬቱ የፈለጉት። ገና ያልተገኘ ነዳጅ፣ ልብ በሉ። አሜሪካዊ ካምፓኒ መጥቶ ሲቆፍር እንግሊዝ እዛ መቀመጥ ይከብደዋል፣ ዘበኛ መቅጠር በለው። እንግሊዝ ኦጋዴንን በ1948 ለቀቀ፣ ሃውድ የሚባለው ደግሞ እስከ 1955 ቆየ፣ ሲንክሌር ቆፍሮ ቆፍሮ ለገበያ የሚሆን ሳያገኝ ወጣ። እርግጥ እንግሊዝ የወጣው በዚህ ብቻ ነው አላለም፣ ሰውየው ጠንቃቃ ነው።

እኔ ይሄን ሳነብ ሱቁ ውስጥ ከመነዳሪ በእጄ ይዤ ነበር፣ ውሃ ውስጥ ነክሬ ቀዳዳ እየፈለግኩ። ቀዳዳ ስትፈልግ የምታየው አረፋውን ነው፣ አረፋው ግን ሁሌ ከቀዳዳው በላይ አይደለም የሚታየው፣ አንዳንዴ ጎማው ታጥፎ ከሌላ ቦታ ይወጣል፣ እዛ ትለጥፍና ሰውየው አዋሽ ሳይደርስ ይተነፍስበታል። እኔ ማክሰኞ አረፋው ላይ ነው የለጠፍኩት።

16ኛው ግን አልተዋጠለትም፣ 18ኛ ላይ ተመልሶ መጣና 17ኛውን የድሮ ስርዓት ናፋቂ አለው፣ የጃንሆይ ጠበቃ ምናምን። 19ኛው ላይ 17ኛው ሳይሰድብ መለሰ፣ በሱ ፈንታ ስለ ቻኮ ጻፈለት። ቦሊቪያና ፓራጓይ ከ1932 እስከ 1935 ነዳጅ አለበት በተባለ ደረቅ መሬት ተዋጉ፣ ስታንዳርድ ኦይልና ሼል ናቸው ከጀርባ ያሉት ተባለ፣ ወደ መቶ ሺህ ሰው አለቀ፣ የተዋጉበት ቦታ ላይ ነዳጅ አልወጣም፣ ነዳጁ የነበረው ቦሊቪያ እጅ በቀረው የተራራ ግርጌ ነው። ወሬ ብቻውን ሰው ይጨርሳል ማለቱ ነበር። 16ኛው ከዚህ በኋላ አልታየም።

20ኛው የዋህ ጥያቄ ጠየቀ፣ ነዳጅ ያስታረቀው ድንበር የለም ወይ። አለ። ኖርዌይና ሩሲያ ባሬንትስ ባህር ላይ ለ40 አመት ሲከራከሩ ኖረው በ2010 እኩል በሚባል ተካፍለው ፈረሙ፣ ሁለቱም መቆፈር ስለፈለጉ፣ ካምፓኒ ደግሞ ክርክር ያለበት ቦታ ገንዘቡን አያፈስም። እስራኤልና ሊባኖስም አንዱ ለሌላው እውቅና ሳይሰጥ በ2022 የባህር ወሰን ተስማምተዋል፣ ጋዙ ነው ያስማማቸው። ይሄን የመለሰው 21ኛው ነው፣ ግን አያይዞ አበላሸው፣ ኬንያና ሶማሊያን ተመልከቱ አለ፣ ሶማሊያ በ2014 ከሰሰች፣ ኬንያ ችሎቱን ረግጣ ወጣች፣ በ2021 ሲፈረድ አብዛኛው ባህር ለሶማሊያ ሆነና ኬንያ አልቀበልም አለች። አውስትራሊያም ኢስት ቲሞር ነፃ ልትወጣ ሁለት ወር ሲቀራት፣ ማርች 2002 ላይ፣ በባህር ወሰን ጉዳይ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት አትዳኙኝ ብላ ወጥታለች። መሃላቸው ባለው ባህር ስር ነዳጅና ጋዝ አለ። የመንግስትን ልብ ማወቅ የምትፈልግ ንግግሩን ተወው፣ ፍርድ ቤት ሲጠራ የት እንደሚሄድ እይ ነው የሚለው። እኔ ከክሩ ሁሉ የወሰድኩት ይቺን ነው።

22ኛው ባጃጅ ነጂ ነው፣ እናንተ የባሬንትስ ባህር ትካፈላላችሁ እኔ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ጀምሮ ማደያ ሰልፍ ላይ ነኝ አለ። ቴሌብሩ ላይ ብር ሞልቷል፣ ቤንዚን የለም፣ አጥሩ ስር ግን በሃይላንድ ፕላስቲክ ይሸጣል። 23ኛው የኤሌክትሪክ ግዛ አለው፣ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከ2024 ጀምሮ ተከልክሏል እኮ ብሎ። 24ኛው ፍራንኮ አካባቢ መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ እንደሆነ ጠቅሶ በምን ቻርጅ ያድርግ አለ። እዚህ ላይ ለአርባ ደቂቃ ስለ መብራት ተወራ፣ አልቆጥረውም።

25ኛዋ የመጀመሪያዋ እህት ናት፣ 2ኛዋ። ሁሉንም እንዳነበበች ጻፈች፣ ንዴቱ በርዷል። ኩዌት ገባኝ፣ ሱዳን ገባኝ፣ ጃንሆይም ገቡኝ፣ ባድመ ግን አንዳችሁም አልመለሳችሁልኝም አለች። ያልተመለሰው እኮ ስለማናውቀው ነው። ፍርዱን እናውቃለን፣ የድንበር ኮሚሽኑ በኤፕሪል 2002 እንደፈረደ ሁሉም ያውቃል፣ እሷ ግን የጠየቀችው ፍርዱን አይደለም።

26ኛው የ5ኛው ሾፌር ነው። ለኔ ሳይሆን ለሷ ነው የጻፉት። ነፍስ ይማር ልጄ ብለው ጀመሩ፣ ያን ሰሞን ቦቴዎቹ በአንድ ቀን መንገድ ሲቀይሩ ከፊት ለፊታቸው ወታደር የጫነ መኪና እየመጣ መንገድ ይለቁለት እንደነበር፣ ልጆቹ እየዘፈኑ እንደነበር፣ እሳቸው ክላክስ ያደርጉላቸው እንደነበር ጻፉ። ያ ወዴት የሚሄድ ጦር እንደሆነ አላወቁም። ወንድምሽ በዛ መንገድ አልፎ ይሆናል፣ ላያልፍም ይችላል አሉ። ሌላ አልጨመሩም። እሷም ልብ ብቻ አድርጋ ወጣች፣ ከዛ በኋላ የጻፈ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ቦቴ ቆመ፣ የተሳቢው የኋላ ጎማ ሚስማር ገብቶበት። ሾፌሩ ወርደው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ፣ ሻይ አዘዙ፣ ፖለቲካ የሚባል አላወሩም፣ እኔም ክሪኩን አስገብቼ ቡሎኑን ስፈታ አልተናገርኩም። ለጥፌ፣ ነፍቼ፣ አስሬ ስጨርስ ዋጋ ነገርኳቸው። ኪሳቸውን ሲፈትሹ ቆዩና፣ ለተረት አውሪ ሾፌር ቅናሽ የለህም ወይ አሉኝ።

ግማሹን ነው የከፈሉኝ።